የኸዳማዋ አራት መጨረሻዎች

ፈሪ ነኝ። ድሮ ይህን ለሰው መናገር ያሳፍረኝ ነበር፤ አሁን የሚያውቀኝ ሁሉ ስለደረሰበት ምን እደብቃለሁ። ስልክ ሳልጠብቀው ሲጮህ ልቤ ዱብ ይላል፤ በር ሲንኳኳ ቀድሞ የሚታየኝ ክፉ ክፉው ነው። ከየት እንደመጣብኝም አሳምሬ አውቃለሁ።

ባለፈው ዓመት ለዘመድ ሰርግ መካነ ሰላም ሄጄ፣ ስልኬ ቻርጅ አልይዝ ቢለኝ አንዲት ጠባብ የጥገና ሱቅ ገባሁ። ጠጋኙ ልጅ በካውያ እርሳስ ሲያቀልጥ የጋለ ፕላስቲክና የተቃጠለ አቧራ ሽታ መጣብኝ። እጄን ላብ አጠመቀው። "ምነው እህቴ፣ አመመሽ እንዴ?" ሲለኝ "ደህና ነኝ" አልኩት፤ ውሸቴን ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ሙሄ ጌም ቤት አግዳሚው ላይ ቁጭ ብዬ፣ እናቴን በገዛ እጄ የገደልኳት መስሎኝ ነበር።

የዚያን ዓመት አራተኛ ክፍል ነበርኩ። የምንኖረው ሦስት ሆነን ነው፤ እኔ፣ የእናቴ አባት ሼህ እንድሪስ፣ የእናቴ ታናሽ እህት ዘይነባ። አያቴን አባ እላቸዋለሁ። ልጆችን ቁርአን ያስቀሩ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ግቢያችን የእንጨት ሉሃቸውን ጉልበታቸው ላይ ባስደገፉ ልጆች ድምፅ ይሞላል። አባቴ እናቴን ፈቶ ከላላ የምትባል ከተማ ሄዶ ሌላ ትዳር ስለመሠረተ ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም። እናቴ ሩቂያ ግን እኔ አራት ዓመት ሳይሞላኝ ባሕር ተሻግራ ሳውዲ ገባች፤ የሰው ቤት ትሠራለች። እሷ በምትልከው ብር አባ መካነ ሰላም ላይ ቦታ ተመርተው ባለ ሦስት ክፍል ቆርቆሮ ቤት አሠሩና ከገጠር ጠቅልለን ገባን። ቤቱ የሷ ነው፤ አይታው ግን አታውቅም። እኔም እሷን የማውቃት በአንድ ፎቶ ነው፤ የላስቲክ አበባ ፊት ለፊት ቆማ የምትስቅ፣ ጉንጯ የሞላ ሴት።

ጁምዓ ጁምዓ ከሶላት በኋላ በዘይነባ ሞባይል ትደውልልን ነበር። ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ዝም አለች። እኛ ስንደውል አንዲት ሴት በአረብኛ የሆነ ነገር ትናገርና ይቋረጣል። ስልኩ መዘጋቱን የምትናገር የማሽን ድምፅ መሆኗን ማን ይንገረኝ፤ እኔ የእናቴ አሠሪ ናት ብዬ ነበር። አንድ ቀን ዘይነባ ሳታየኝ ደውዬ "እባክሽ እማዬን አቅርቢልኝ" ብዬ ለመንኳት። እስከመጨረሻው አልሰማችኝም፤ ዘጋችብኝ።

ያ ወቅት ሳውዲ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ሀበሾች ከየቤቱና ከየመንገዱ እየሰበሰበች የምታባርርበት ነው። አባ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይውላሉ። ቀበሌው እዚያ ልጅ ያለው ሁሉ እየመጣ ያስመዝግብ ብሎ ስለነበር አባን ተከትዬ ሄድኩ። ጸሐፊው ረጅም ወረቀት ላይ "ሩቂያ እንድሪስ" ብሎ ሲጽፍ ከላይ ያሉትን ስሞች አየሁ፤ አንዱን የማውቀው ነበር፤ የሞተ ሰው ነው። ለካ ሞክሼ ኖሯል። እኔ ግን የሟቾች መዝገብ ነው ብዬ ወሰንኩና ለማንም ሳልነግር ቤት ገባሁ።

እንዲህ እንዳስብ ያደረገኝ የጎረቤታችን የእትዬ ዙበይዳ ነገር ነው። በመስከረም ልጃቸው ከማል በመንገድ ላይ፣ የመን በረሃ ውስጥ ሞተ። ወሬው እሳቸው ጋ ሳይደርስ ሰፈሩ ስምንት ቀን ሙሉ ያውቅ ነበር፤ መርዶ በወጉ፣ በሽማግሌ፣ ዘመድ ከያለበት ተጠራርቶ እስኪሰበሰብ ይደበቃላ። በነዚያ ስምንት ቀናት ባለሱቁ ሳይጠይቁት ስኳር ጨመረላቸው፤ አኩርፋቸው የነበረች ጎረቤት ወተት ይዛ መጣች፤ የመንገዱ ልጆች ሁሉ "እትዬ፣ ልሸከምልዎ" አሉ። እሳቸው "ዘንድሮ ሰው ምን ነካው፣ እንዴት ደግ ሆነ!" እያሉ ይስቁ ነበር። በዘጠነኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ጋቢ የደረቡ አራት ሽማግሌዎች በራቸው ላይ ቆሙ። "ግቡ" ቢሏቸው አልገባም፣ "ተቀመጡ" ቢሏቸው አልቀመጥም አሉ። ቀጥሎ የመጣውን ጩኸት በአጥሩ ቀዳዳ ሆኜ ሰማሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ደግነት ባየሁ ቁጥር ከኋላው ሽማግሌ እጠብቅ ጀመር።

ሙሄ ጅዳ አምስት ዓመት ኖሮ የተመለሰ ጎረምሳ ነው። ሲመጣ ትልቅ ቴሌቪዥንና ፕሌይስቴሽን ይዞ መጣ፤ ከመስጂዱ በታች አንድ ክፍል ተከራይቶ ጌም ቤት ከፈተ። የሴት ልጅ ቦታ አልነበረም። እኔን የላኩኝ አባ ናቸው፤ "ሙሄን ጅዳ ያሉ ጓደኞቹን ስለ ሩቂያ ጠይቅልን በይው" ብለው። መልእክቱን ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ።

"አብሽሪ፣ እጠይቃለሁ" አለኝና ወንዶቹን ወደ ጥግ ገፋ። "የሼሁ ልጅ ናት፤ ቦታ ልቀቁላት። ሰዓዳ፣ ተቀመጪ፣ ተጫወቺ። አክስትሽ ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"ምንም አላለችም?"

"ስለምን?"

"ኧረ እንዲያው ነው" አለና ለስላሳ ከፈተልኝ።

ሳልጠጣው መልሼ አስቀመጥኩት። ሙሄ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ከጅዳ ነግረውታል፤ ዘይነባም ታውቃለች። በየቀኑ እየሄድኩ ፊቱን ማንበብ ያዝኩ። እሱ በየቀኑ በነጻ ያጫውተኛል፣ በየቀኑ አክስቴን ይጠይቀኛል፤ የኔም ፍርሃት በየቀኑ ይጨምራል።

ወንዶቹ የሚጫወቱት ኳስ ነው። ከሲዲዎቹ መሀል ግን ፊደሉ እንግሊዝኛም አረብኛም ያልሆነ አንድ የተጫጫረ ነበር። ነጭ ሽርጥ ያሰረች ቀጭን ልጅ፣ ክፍሉ ተቆጥሮ የማያልቅ ትልቅ ቤት ውስጥ፣ ጥቁር ልብስ ከለበሰች አሮጊት ትሸሻለች። እኛ አገር ዘመዱ አረብ አገር የሌለ ሰው ስለሌለ ታሪኩ ምን እንደሆነ ለመጠየቅ እንኳ ማንም አልተቸገረም፤ ልጅቷ ኸዳማ ናት፣ ማለትም የቤት ሠራተኛ፤ አሮጊቷ ማዳሟ ናት። ዛሬ ሳስበው የሆነ የሩቅ አገር የመንፈስ ተረት ይመስለኛል። ሙሄ ግን ፊደሉን ሳያውቅ ልቡን ሞልቶ ይተረጉምልን ነበር። "እዚህ ጋ ደመወዜን ስጪኝ እያለቻት ነው" ይላል። ማዳም ስታጉረመርም ደግሞ "ፓስፖርትሽን ደብቄዋለሁ አለቻት" ይላል።

ጌሙ አራት መጨረሻ ነበረው። ማዳም ከያዘቻት አንገቷን ታንቃለች፤ ይጨልማል። ኸዳማዋ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጥቁሩን ልብስ ካነሳች እሷው ራሷ ማዳም ሆና ትቀራለች፤ ሌላ ነጭ ሽርጥ ያሰረች ልጅ በሩን ስታንኳኳ ያበቃል። ሦስት ቁልፍ ሰብስባ ከምድር ቤቱ የወርቁን ሳጥን ካወጣች በመኪና ትሄዳለች፤ ረጅም ዘፈን ይመጣል፣ ስሞች ይወርዳሉ። አራተኛው የውጪው በር ነው። ምንም ሳታነሳ፣ ማዳም ስትጠራት ዞር ሳትል ከወጣች፣ ባዶ እግሯን መንገድ ትጀምራለች። ዘፈን የለውም። ጀርባዋ ብቻ ይታያል፤ አንድ ሰው ቁልፍ እስኪጫን መሄዷን አታቆምም።

የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር የጌም ቤቱ የዘወትር ሥራ ነበር። ኑረዲን የሚባል የስምንተኛ ክፍል ልጅ "የወርቁ ነዋ! ሦስት ቁልፍ ለፍተህበታል፤ ያልለፋህበት ምኑ መጨረሻ ነው?" ይላል። ሌላው ዘፈን ያለው ብቻ ነው እውነተኛው፣ ሌሎቹ ተሸንፈህ ነው ይላል። ማዳም መሆንን የመረጡም ነበሩ፤ "ቢያንስ አትታዘዝም፣ ታዛለች።" ሙሄ ወርቁ ጋ ነበር። "እኔ ዓይቸዋለሁ" ይላል። "ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው አገሩ ገባ አይባልም፤ እናቱም ቀና ብላ አታየው።"

አንድ ቀን ዘይነባ ልትወስደኝ መጣችና በሩ ላይ ቆመች። ከልጆቹ አንዱ ኸዳማዋን በውጪው በር አውጥቷት ስትሄድ ነበር። ዘይነባ ትንሽ አየችና "ይችማ ተረፈች" አለች። "አሁን እግሯ እየሄደ ነው አይደል? ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?"

"እውነትሽን ነው፣ እኔም እኮ ይኸው ነው የምላቸው" አለ ሙሄ። ልጆቹ በሳቅ አግዳሚውን ደበደቡት። ሙሄ ጆሮው ድረስ ቀላ። እኔ አልሳቅኩም። ለአክስቴ እስከዚህ ያዘነላት ምን ቢያውቅ ነው እያልኩ ነበር።

በዚያው ሰሞን ኸዳማዋ እናቴ ሆነች። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ማንም አልነገረኝም። በበሩ ካስወጣኋት እማዬ ትመጣለች፤ ከተያዘችብኝ ግን አልቆላታል። በቃ እንደዚህ ነበር። አባ ከየሶላቱ በኋላ እጃቸውን ዘርግተው "ያ አላህ፣ ኻቲማችንን አሳምርልን" ሲሉ ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ያን ሳምንት ግን ጠየቅኋቸው።

"አባ፣ ኻቲማ ምንድን ነው?"

"መጨረሻ ነው፣ ልጅየ።"

"ሰው ስንት መጨረሻ አለው?"

"አንድ።"

"ጥሩው ምን ዓይነት ነው?"

"ላ ኢላሀ ኢለላህ ብሎ መሞት ነዋ።"

"ሳይሞቱስ?"

"ሳይሞቱማ ምን መጨረሻ አለ?" አሉና ራሴን ዳሰሱኝ። እጃቸው ራሴ ላይ ከወትሮው የቆየ መሰለኝ። ሊነግሩኝ እያለማመዱኝ ነው ብዬ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ቀጥታ ሙሄ ጋ ሄድኩ። ከእኔና ከሱ በቀር ማንም አልነበረም። እጄ እየተንሸራተተ፣ ደረጃውን፣ ኮሪደሩን፣ ማድ ቤቱን አልፌ ኸዳማዋን ውጪው በር አደረስኳት። ማዳም ከኋላ ጠራቻት፤ ዞር አላልኩም። አንድ እርምጃ ቀረኝ። ያኔ እናቴ በመጨረሻው ስልክ "ቦርሳና ጫማ ይዤልሽ እመጣለሁ" ያለችኝ ትዝ አለኝ። የሙሄም ንግግር ትዝ አለኝ፤ ባዶ እጇን ብትመጣ ቀና ብሎ የሚያያት የለም። ወርቁን ይዛ ትውጣ አልኩ። ያን ቦርሳ ፈልጌው ነበር፤ መዋሸት አልችልም። ዞርኩና ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ።

ማዳም ደረጃው ሥር ጠብቃ ያዘቻት። ጥቁሩ እጅ አንገቷን ጨመቀ፣ ቴሌቪዥኑ ጠቅ አለና ጨለመ። የከተማው መብራት ሄደ። በጭለማው ውስጥ የጋለው ቴሌቪዥን ሽታ ብቻ ቀረ።

"ሞተች?" አልኩት።

"መብራት ነው እንጂ የጠፋው፤ ገና ነበር። አብሽሪ፣ ሲመጣ ትጨርሽዋለሽ" አለኝ ሙሄ።

መብራት ሦስት ቀን አልመጣም፤ ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ ያ እጅ እናቴ አንገት ላይ ነበር። ምግብ አልወርድ አለኝ። በሁለተኛው ቀን ዘይነባን ጓዳ ገብታ፣ ስልኳን ይዛ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ አገኘኋት። ስታየኝ ደንግጣ ጠረገችው። ከሰዓት በኋላ ቤቱን በሙሉ ጠረገች፤ የአባን ነጭ ጀለቢያ አጠበች፤ ከጎረቤት ተጨማሪ ምንጣፍ ተዋሰች። ምንጣፉ ለምን እንደሆነ ገባኝ። ለለቅሶ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ የግቢያችን በር ተንኳኳ። አባ ከፈቱ። ጋቢ የደረቡ አራት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሁለቱን አወቅኋቸው፣ እትዬ ዙበይዳ በር ላይ የቆሙት ናቸው። ፊት የቆሙት ጋሼ ይመር "አሰላሙ አለይኩም፣ ሼህ እንድሪስ" አሉ።

"ወአለይኩሙ ሰላም። መርሐባ፣ ግቡ።"

"አንገባም።"

"ኧረ ተቀመጡ፣ ብርድ ነው።"

"የመጣንበት ሙራድ ሳይሞላ አንቀመጥም፣ ሼህ።"

ከዚያ በላይ አልሰማሁም። "እማዬን ገደልኳት! እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የገደልኳት!" እያልኩ ግቢው መሀል ወጣሁ። ጩኸቴ ከአጥሩ ሳያልፍ እትዬ ዙበይዳ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው "ሩቂያየ! ሩቂያየ!" እያሉ ደረሱ። ከኋላቸው ሴቶች እየተንጋጉ ገቡ። ዘይነባ ከጓዳ ወጥታ ደረቷን መታች። አባ "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አሉና ውርጩ ላይ፣ መሬት ላይ ዘፍ አሉ። እሳቸው ሲወድቁ ማየት ከሁሉም በላይ አስፈራኝ። ለካ እሳቸውም ከጥቅምት ጀምሮ ይህንኑ ጠዋት ሲጠብቁ ነው የከረሙት።

ጋሼ ይመር ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው "ኧረ በአላህ! ኧረ ሰዎች!" ይላሉ፤ የሚሰማቸው የለም። በመጨረሻ ባላቸው ድምፅ ሁሉ "እኛ ዘይነባን ለሙሄ ልንጠይቅ ነው የመጣነው!" ብለው ጮሁ።

ዘይነባ ደረቷን ልትመታ ያነሳችው እጅ በአየር ላይ ቀረ፤ ለካ ጓዳ ያስለቀሳት የሙሄ ስልክ፣ ምንጣፉም ለሽማግሌዎቹ ኖሯል። ከሴቶቹ አንዷ ፈንድታ ሳቀች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። እትዬ ዙበይዳ አልሳቁም። "አልሀምዱሊላህ" አሉ ቀስ ብለው፤ ከወገባቸው ላይ ነጠላቸውን ፈትተው ራሳቸው ላይ ጣሉና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አባ እንደተቀመጡ ናቸው። በወጉ ቢሆን ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ይመላለሳል፣ "እንመካከር" ይባላል፣ ቀጠሮ ይሰጣል። አባ ግን እጃቸውን ወደ ጋሼ ይመር ዘርግተው "ልጄን ሰጥቻለሁ፤ አሁን አንሱኝ" አሉ። ዘይነባ መሬት ላይ ቁጭ ተብሎ የተዳረች እየተባለች እስከ ዛሬ ትቀለድባታለች።

ሰዉ ሲበተን አባ ጠሩኝ። "ለምንድን ነው ገደልኳት ያልሽው?" እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ኸዳማዋን፣ ማዳምን፣ ወርቁን፣ አንገቷ ላይ የቀረውን እጅ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። በበነጋው መብራት ሲመጣ ከዘራቸውን አንስተው "ነይ አሳይኝ" አሉኝ።

ሼህ እንድሪስ ጌም ቤት ሲገቡ የነበረውን ድንጋጤ መቼም አልረሳውም። ልጆቹ በመስኮት ሊወጡ ነበር። ሙሄ የሚይዘውን አጥቶ አማቹ ሊሆኑ ላሉት ሰውዬ ለስላሳ አቀረበ። አባ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው "በበሩ የሚያስወጣውን" አሉ። ሙሄ ተጫውቶ ኸዳማዋን አወጣት። ጀርባዋን ሰጥታ መሄድ ጀመረች።

"የት እየሄደች ነው?"

"አይታወቅም ሼህ፤ አያሳይም።"

"ታዲያ አላለቀማ" አሉ አባ። ማንም ቁልፍ እንዳይነካ ከለከሉ። የዙሁር አዛን እስኪሰማ፣ ከአሥር ልጆች ጋር፣ አንዲት ሴት መንገድ ስትሄድ ቁጭ ብለው አዩ።

ፍርሃቴ ትንሽ ቀለለ እንጂ አልጠፋም። የጠፋ ቢሆን ኖሮ ከሳምንት በኋላ ያን አላደርግም ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከመናኸሪያው በላይ አንዲት ሴት አስቆመችኝ። ጥቁር አባያ ለብሳለች፣ ፊቷ ከስቷል፣ ከንፈሯ ደርቋል፤ በእጇ አንድ ፌስታል ብቻ ነው ያለው።

"የሼህ እንድሪስ ቤት በየት በኩል ነው፣ እናትየ?" አለችኝ።

ፌስታሉን አየሁት። ሻንጣ የሌላት፣ ዓይኗ ያበጠ፣ ከሳውዲ የመጣች ሴት፣ የእኛን ቤት የምትጠይቅ። ሌላ ምን ልትሆን ትችላለች? ሽማግሌዎቹ ቀርተው የሞተችበትን ያየች ሴት ራሷ ናት የመጣችው። ቤታችን በስተቀኝ ነበር። እኔ ግን በግራ በኩል ወደ ታች ጠቆምኳት።

"በዚያ ነው። ጤና ጣቢያውን አልፈሽ፣ በጣም ታች።"

ሴትዮዋ ብዙ ቆማ አየችኝ። አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። "እሺ" አለች፤ "ጀዛኪላህ።" ከዚያ ባልኳት መንገድ ሄደች።

ሮጬ ቤት ገባሁ፣ የግቢውን በር ቆለፍኩ፣ ለማንም አልተናገርኩም። መርዶውን ያስቀረሁት መስሎኝ ነበር። ከአሱር ሶላት በኋላ ተንኳኳ። ዘይነባ ከፈተች፣ ጮኸች፤ ጩኸቱ የለቅሶ ይሁን የደስታ መለየት አልቻልኩም፤ እሷም የቻለች አይመስለኝም። አባ "ሩቂያ" ብለው አንዴ ጠሩና ሁለት እጃቸውን ዘረጉላት። እኔ ምሰሶውን ይዤ ቆምኩ። ያች ጉንጯ የሞላ፣ የምትስቅ ሴት የለችም። ያሳሳትኳት ሴት ናት።

"የደሴው መኪና በቀትር ነው የሚገባው፤ እስካሁን የት ነበርሽ?" አሏት አባ።

እናቴ ወደኔ አየችና "ከተማው ሰፍቶ ጠፋብኝ" አለች። በቃ ይኸው ነው ያለችው።

ቤቱ በሰው ሞላ። ሙሄ መጣ፤ ፌስታሉን አየ፣ ዓይኑን ቶሎ አነሳ፣ "እንኳን በሰላም መጣሽ" ብሎ ራሱን ዝቅ አድርጎ ወጣ። የጌም ቤቱ ልጆች ዛሬ የትኛው መጨረሻ ይበልጣል ብለው ቢጠይቁኝ መልስ አለኝ። ከሱ በኋላ ሰዎቹ ቁጭ ብለው የተሳሳቱትን መነጋገር የሚችሉበት ነው የሚበልጠው። ከኸዳማዋ አራት መጨረሻዎች ይህ ያለበት አንድም የለም፤ ማንም ማንንም "ያን ጊዜ ምን መስሎሽ ነው?" አይልም።

እንግዳው ቀለል ሲል ዘይነባ የእናቴን እግር አስታጥቢ ብላ ጣሳና ሳፋ ሰጠችኝ። እግሯ ቆስሏል። አፈሰስኩላት።

"ማን መስየሽ ነው?" አለችኝ ቀና ሳትል።

"መርዶ ነጋሪ።"

እጇ ቆመ። "እኔማ ገና ሳይሽ አውቄሽ ነበር" አለች። "ፎቶሽን ስንት ጊዜ ነው ያየሁት። ስምሽን ልጠራ ስል ፌስታሌን ስታይ አየሁሽ። በዚያ ሂጂ ስትይኝ አውቀሽ የመለስሽኝ መሰለኝ። ባዶ እጄን ስለመጣሁ።"

"ታዲያ ለምን ሄድሽ?"

"ልጄ ሂጂ ካለችኝ ምን ልበል? ጤና ጣቢያው ጋ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ወደ ደሴ የሚመለስ መኪና እንዳለ አንድ ሰው ጠየቅሁ።"

"አለ አሉሽ?"

"አንድ ወንበር ቀርቶታል አሉኝ።"

ጣሳው ከእጄ ወደቀ። የቆሰለ እግሯ ላይ ተደፍቼ "አላወቅኩሽም፣ ወላሂ አላወቅኩሽም" እያልኩ አለቀስኩ። እሷ እርጥብ እጇን ጀርባዬ ላይ አድርጋ መንገድ ላይ ልትጠራው ያልደፈረችውን ስሜን ደጋግማ ጠራችኝ፤ "ሰዓዳየ፣ ሰዓዳየ"።